የሕግ ማስተርስ በውጭ አገር፦ ደብዳቤው መጥቷል፣ ገንዘቡስ?

ለዚህ ዕትም ስለ ጥብቅና ፈቃድ ልጽፍ አስቤ ጥያቄ ስጠብቅ፣ ከመጡልኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ውጭ አገር ኤል ኤል ኤም፣ ማለትም ስለ ሕግ ማስተርስ፣ ሆነው አገኘኋቸው። ለንደን ተምሬ ተመልሼ አዲስ አበባ ጥብቅና እንደምሠራ አንባቢ ስለሚያውቅ ይመስለኛል። የፈቃዱ ነገር ይቆየን። ዛሬ አራት ደብዳቤ መርጫለሁ፤ የመጀመሪያው ረጅም ነው፣ መልሱም እንደዚያው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህት። ዕድሜዬ 28 ነው። ባሕር ዳር ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ስሠራ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ለንደን ካለ ዩኒቨርሲቲ በዓለም አቀፍ የንግድ ሕግ የኤል ኤል ኤም ቅበላ አግኝቻለሁ። ክፍያው 31,000 ፓውንድ ነው፤ ስኮላርሺፕ የለውም። ቦታው እንዲያዝልኝ ዲፖዚት እንድከፍል ቀን ቆርጠውልኛል። ቨርጂኒያ ያለው ታላቅ ወንድሜ «ዲፖዚቱን እኔ እችላለሁ፣ ለቪዛው የኔን የባንክ ስቴትመንት ታሳያለህ፣ የቀረውን እዚያው እየሠራህ ትከፍላለህ» ይለኛል። አባቴ ደግሞ ቤቱን አስይዞ ከባንክ ሊበደርልኝ ተነሥቷል። እናቴ ዝም ብላለች። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ አብራኝ ብትሄድ ደስ ይለኛል። ይህ ዕድል ካመለጠኝ ሌላ የማገኝ አይመስለኝም። ልሂድ?
ግራ የገባኝ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅበላ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለምና እንኳን ደስ ያለህ። መልሱን ግን ሳላድበሰብስ ልንገርህ፦ በዚህ ዓመት፣ በዚህ ገንዘብ፣ በዚህ ዘርፍ አትሂድ። አባትህም ቤቱን እንዳያስይዝ ዛሬውኑ ንገረው።

ከወንድምህ ምክር ልጀምር፤ በቅን ልብ የተሰጠ ቢሆንም ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳህ እሱ ነው። ለእንግሊዝ የተማሪ ቪዛ የምታሳየው ገንዘብ በራስህ ወይም በወላጅህ ስም ባለ ሒሳብ ውስጥ መቀመጥ አለበት። በወላጅ ስም ከሆነ የልደት ሰርተፊኬትህና የወላጅህ የፈቃድ ደብዳቤ ይጨመርበታል። የወንድም ሒሳብ ምንም ያህል ዶላር ቢኖርበት አይቆጠርም። ስለዚህ ወንድምህ ስቴትመንቱን ሳይሆን ገንዘቡን ራሱን ወደ አንተ ወይም ወደ አባትህ ማዛወር ይኖርበታል፤ ከአነጋገሩ ደግሞ ያንን ያሰበ አይመስለኝም።

መጠኑንም እወቀው። ከኖቬምበር 2025 ወዲህ ለንደን ለሚማር ሰው የሚጠየቀው መተዳደሪያ በወር 1,529 ፓውንድ ነው፤ የዘጠኝ ወሩ ተሰልቶ 13,761 ፓውንድ ይሆናል። ከትምህርት ክፍያው ገና ያልከፈልከው በዚያ ላይ ይደመራል። ይህ ሁሉ ለ28 ተከታታይ ቀናት ሳይነካ መቀመጥ አለበት፤ በመሀል አንድ ቀን እንኳ ከተባለው በታች ከወረደ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። አንዲት የማውቃት ልጅ አጎቷ ገንዘቡን አስገባላት፤ ከዚያ ጉምሩክ የቆመ ዕቃ ነበረውና ለሁለት ቀን ብቻ ብሎ አውጥቶ መለሰው። እሷ አላወቀችም። ስቴትመንቱ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ቪዛዋ ተከለከለ፣ የማመልከቻው ክፍያም ቀለጠ።

የጤና አገልግሎት ክፍያም አለ። ለተማሪ በዓመት 776 ፓውንድ ነው ሲባል ሰው ትምህርቱ አንድ ዓመት ነውና 776 ብቻ አድርጎ ይይዘዋል። ቪዛው ግን ከትምህርቱ ማለቂያ ጥቂት ወራት አልፎ ስለሚሄድ የሚያስከፍሉህ የዓመት ከመንፈቅ ነው፤ 1,164 ፓውንድ፣ ያውም ማመልከቻውን ስትሞላ በአንድ ጊዜ። የቪዛው ማመልከቻ ራሱ ከ500 ፓውንድ በላይ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም አለ። ደምረው፤ ከ46,000 ፓውንድ ያልፋል። አውሮፕላኑ አልተቆጠረም፤ ዓመቱም ዘጠኝ ሳይሆን አሥራ ሁለት ወር መሆኑን ገና አላነሳሁም።

«እየሠራህ ትከፍላለህ» የሚለውን እኔም ከመሄዴ በፊት ከስንቱ ሰምቼዋለሁ። ተማሪ በትምህርት ወቅት መሥራት የሚፈቀድለት በሳምንት 20 ሰዓት ነው። ክረምቱ ዕረፍት ነውና ሙሉ ቀን እሠራለሁ እንዳትል፤ የማስተርስ ተማሪ ክረምቱን ዲዘርቴሽን የሚጽፍበት ስለሆነ እሱም የትምህርት ወቅት ተብሎ ይቆጠራል። በስልክ መተግበሪያ ምግብ ማድረስም፣ ብዙ ሐበሻ ሲያደርገው ብታይም፣ በግል የሚሠራ ሥራ ስለሆነ በተማሪ ቪዛ ክልክል ነው። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 12.71 ፓውንድ ነው። በ20 አባዛው፤ በሳምንት 254 ፓውንድ። ይህ ለንደን ውስጥ የክፍል ኪራይና የባቡር ይሸፍንልህ እንደሆነ ነው እንጂ 31,000ውን አይነካውም። ካሌዶኒያን ሮድ ባሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሳህን እያጠቡ ማስተርስ የጨረሱ ልጆች አውቃለሁ፤ አንዳቸውም የትምህርት ክፍያቸውን ከዚያ አልከፈሉም።

«ከተመረቅሁ በኋላ ቆይቼ ሠርቼ እከፍላለሁ» ብለህም ይሆናል። ምሩቃን ሥራ ፈልገው የሚቆዩበት ቪዛ ሁለት ዓመት ነበር፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ ለሚያመለክት የማስተርስ ምሩቅ 18 ወር ሆኗል። በዚያ ላይ ኤል ኤል ኤም የእንግሊዝ የሕግ ባለሙያ አያደርግህም። እዚያ ሶሊሲተር የሚባለው ጠበቃ መሆን የሚፈልግ ሰው ከ2021 ጀምሮ የሚያልፈው ኤስ ኪው ኢ የሚባለውን ፈተና ነው፤ ለፈተናው ኤል ኤል ኤም አይጠየቅም። የሥራው በር ሌላ፣ የዲግሪው በር ሌላ ነው። ይህን ሳያውቁ ዲግሪውን እንደ ፈቃድ ቆጥረው የሚመጡ ብዙ ናቸው፤ አገናኝ ድርጅቶቹም ሲያስረዱ አልሰማሁም።

ስለ ባለቤትህ፦ ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ በክፍል ትምህርት የሚሰጥ ማስተርስ የሚማር ሰው ቤተሰቡን ይዞ መሄድ አይፈቀድለትም፤ መንግሥት ሙሉ ወጪውን የሚችልለት ካልሆነ በቀር። ስለዚህ ጥያቄው አብራህ ትሂድ ወይ ሳይሆን፣ ያለ አንተ ትውለድ ወይ ነው። ይህን እኔ አልመልስልህም፤ እሷን ጠይቃት። እናትህንም ጠይቃት፤ ዝም ያለችው የምትለው ጠፍቷት አይመስለኝም።

የአባትህ ብድር በብር ነው፣ ዕዳህ ግን በፓውንድ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የሆነውን አይተሃል። ዩኒቨርሲቲው ክፍያውን ከፋፍለህ እንድትከፍል ቢፈቅድልህ፣ ከመንፈቅ በኋላ የሚደርሰው ሁለተኛው ክፍያ በብር ስንት እንደሚሆን ከባንኩም ከአንተም የሚያውቅ የለም። ዕዳውን ደግሞ በዐቃቤ ሕግ ደመወዝ ነው የምትመልሰው። እኔ የሄድኩት በስኮላርሺፕ ነው፤ ባላገኝ ኖሮ አልሄድም ነበር። ሀብታም ቤተሰብ ያለው ይክፈል፣ ለእሱ ምንም አልለውም። ቤት ተይዞ የሚሄድበት ኤል ኤል ኤም ግን እስካሁን አላየሁም።

አሁን ወደ ዘርፉ። አራት ዓመት ወንጀል ስትከስ ኖረህ ለምን የንግድ ሕግ እንደመረጥክ ደብዳቤህ አይናገርም። የንግድ ሕግ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ኢትዮጵያ የውጭ አገር የግልግል ውሳኔ ስለሚፈጸምበት ሁኔታ የሚደነግገውን የኒው ዮርክ ስምምነት በ2020 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች፤ በዓመቱ የግልግል ዳኝነት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ወጥቷል፤ ባንክም ለውጭ ባለሀብት ተከፍቷል። አዲስ አበባ ባሉ የጥብቅና ድርጅቶች ይህን የሚያውቅ ሰው ተፈላጊ ነው። ዐቃቤ ሕግነቱን ትተህ ወደዚያ ለመዞር ወስነህ ከሆነ ዘርፉ ልክ ነው። ግን ወስነሃል? ወይስ ስሙ ስለከበደ? ሰው ሲጠይቅህ «ወንጀል ነው የማጠናው» ከማለት «ዓለም አቀፍ የንግድ ሕግ» ማለት ደስ እንደሚል አልክድም።

ወንጀሉ ላይ የምትቀጥል ከሆነ፣ ለአንተ የተሰፋ ትምህርት ቅርብ አለልህ። ኬፕ ታውን ያለው የዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ ከበርሊኑ ሁምቦልት ዩኒቨርሲቲ ጋር በጀርመን ድጋፍ በ2008 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ማዕከል ድንበር ተሻጋሪ ወንጀል ላይ ኤል ኤል ኤም ይሰጣል። የሰዎች ዝውውር፣ ሕገ ወጥ የገንዘብ ዝውውር፣ የዓለም አቀፍ ወንጀል ችሎት አሠራር፤ አንተ መዝገብ ላይ የምታየው ነገር ነው። የሰብአዊ መብት ዝንባሌ ካለህ ደግሞ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብአዊ መብት ማዕከል ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው ማስተርስ አለ፤ ተማሪው ፕሪቶሪያ ተምሮ ቀጥሎ አህጉሩ ላይ ወዳሉ አጋር ዩኒቨርሲቲዎች ይበተናል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም አንዱ አጋር ነው። ደቡብ አፍሪካ ስልህ ፊትህን ስታጨፈግግ ይታየኛል። የኛ ሰው ማስተርስ ሲባል በረዶ የሌለበት አገር አይታየውም። እኔ ፍርድ ቤት ከምገጥማቸው ጠበቆች መካከል የምፈራቸው ግን ፕሪቶሪያ የተማሩት ናቸው።

ለንደን ካልሆነ ካልክ ቺቭኒንግ አለልህ። የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው፤ ኦገስት ላይ ይከፈታል፣ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ሁለት ዓመት ማለትም 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ አንተ አለህ። ሦስት የትምህርት ፕሮግራም ትመርጣለህ፣ ስትጨርስ ወደ አገርህ ተመልሰህ ቢያንስ ሁለት ዓመት ትቆያለህ። ውድድሩ ከባድ ነው። የአራት ዓመት ዐቃቤ ሕግ ግን የሚያወራው ነገር አለው፤ ብዙ ተወዳዳሪ የሚያጣው እሱን ነው። በኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ጊዜህን አታጥፋ፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። «ኖርዌይ እኮ ነፃ ነው» የሚልህ ካለም ወሬው አርጅቷል፤ ከ2023 ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ተማሪ እዚያም ይከፍላል።

አሁን ለያዝከው ቅበላ፣ ዲፖዚቱን ሳትከፍል በፊት ለዩኒቨርሲቲው ጻፍና ወደ ሚቀጥለው ዓመት እንዲያሸጋግሩልህ ጠይቅ። ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። ከፍለህ ሐሳብህን ከቀየርክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ አይመለስም፤ የሚመልሱት ቪዛ ሲከለከል ነው።

ባገኘኸው አንድ ዓመት ምን ታድርግ? ትምህርቱ ከኛ የሚለይበትን ቦታ ልንገርህና ከአሁኑ ተለማመደው። እኛ የተማርነው በአንቀጽ ነው። ከውል ውጭ ኃላፊነት ሲባል የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2028 እንጠቅሳለን፤ በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ይካስ። አለቀ። እዚያ ሴሚናር ላይ አሥራ አምስት ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፣ መምህሯ የ1932ቱን የዶናህዩ እና የስቲቨንሰን ጉዳይ ታነሣለች። ስኮትላንድ ውስጥ አንዲት ሴት በጓደኛዋ የተገዛላትን የዝንጅብል ቢራ ስትጠጣ ከጠርሙሱ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ወጣ፤ ከፋብሪካው ጋር ውል የላትም፤ መክሰስ ትችላለች ወይ ነው ጭብጡ። ይህን ሁሉም ተማሪ ያውቀዋል፣ መምህሯም አትጠይቅህም። የምትጠይቅህ «ውሳኔው ሦስት ለሁለት ነው፤ በሐሳብ የተለዩት ሎርድ ባክማስተር ፋብሪካውን ነፃ ሲያደርጉ ምን አስፈርቷቸው ነው? ፍርሃታቸውስ ልክ አልነበረም?» ብላ ነው። የተሸነፈውን ክርክር በሙሉ ልብህ ታቀርባለህ፤ ከዚያ ጎንህ ያለችው ህንዳዊት ታፈርሰዋለች። ደፋር ባልሆን እንኳ አንብቤ ስለምመጣ አያልፈኝም ብለህ ከሄድክ ያልፍሃል። ሰዉ እጁን አውጥቶ አይደለም የሚናገረው፣ ቀዳዳ ጠብቆ ነው የሚገባው።

ጽሑፍም እንደዚያው ነው። ከኛ አገር የሚሄዱ ጎበዝ ተማሪዎች የመጀመሪያ ወረቀት ኅዳጉ ላይ «ገለጻው ጥሩ ነው፣ ያንተ አቋም ግን የት አለ?» ተብሎ ይመለሳል። ማርኩ 58 ወይም 62 ይሆናል። አትደንግጥ፤ እዚያ 50 ማለፊያ ነው፣ 60 ጥሩ የሚባል፣ ከ70 በላይ ደግሞ ከፍተኛው ማዕረግ ነው። 85 ለምዶ ለሄደ ሰው ግን አንድ ሳምንት እንቅልፍ ይነሣል። ልምምዱን ባሕር ዳር ሆነህ ጀምረው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክርክሩን በኢንተርኔት በቀጥታ ያሰራጫል፤ ባይሊ በሚባለው ድረ ገጽ ደግሞ ውሳኔዎቹን በነፃ ታነባለህ። በሳምንት አንድ ውሳኔ አንብብ፣ ከዚያ በሐሳብ ለተለየው ዳኛ ወግነህ አንድ ገጽ ጻፍ። ያንኑ በሰበር ሰሚ ችሎት ቅጾች ላይ ብታደርገው ደግሞ ለቺቭኒንግ ቃለ መጠይቅም ለሥራህም ይሆንሃል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1994 ዓ.ም. በሕግ ተመርቄ ስድስት ዓመት ዳኛ ነበርኩ። በዲቪ መጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ። ሌሊት ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ፣ ልጆቼ አድገዋል። ሰዎች «24 ክሬዲት ኤል ኤል ኤም ከወሰድሽ የኒው ዮርክ ባር (የጥብቅና ፈቃድ ፈተና) ትፈተኛለሽ» ይሉኛል። ዕድሜዬ 47 ነው። እውነት ነው? ያዋጣኛል?
የቀድሞ ዳኛ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ የነገሩዎት እውነት ነው፤ ግን ግማሹን ነው የነገሩዎት። የኒው ዮርክ ደንብ ቁጥር 520.6 የውጭ አገር የሕግ ምሩቅን በሁለት ነገር ይመዝናል፤ የትምህርቱ ዘመን ከአሜሪካው ጋር ይመጣጠናል ወይ፣ ሕጉስ በፍርድ ቤት ውሳኔዎች ላይ ከቆመው ከእንግሊዝ ኮመን ሎው የተቀዳ ነው ወይ። የኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ የተረቀቀ ነውና በሁለተኛው እንወድቃለን። ኤል ኤል ኤሙ የሚሞላው ከሁለቱ ጉድለቶች አንዱን ብቻ ነው። እርስዎ በመደበኛ ተምረው ስለሆነ ዘመኑ ላይ ችግር አይታየኝም፤ በርቀት የተማረ ሰው ግን እዚያው ይቆማል።

24ቱ ክሬዲት እንዳሻዎት የሚመረጥ አይደለም። ሁለቱ የሙያ ሥነ ምግባር፣ ሁለቱ የሕግ ጥናትና ጽሑፍ፣ ሁለቱ የአሜሪካ የሕግ ሥርዓት፣ ስድስቱ ደግሞ ፈተናው ላይ ከሚመጡ ርዕሶች መሆን አለባቸው። በአካል ክፍል ገብተው ነው የሚማሩት። ትምህርት ቤቱ ኒው ዮርክ መሆኑ ግዴታ አይደለም፤ ዲሲ ያሉት ጆርጅታውንም አሜሪካን ዩኒቨርሲቲም ለእርስዎ ቅርብ ናቸው፤ በ24 ወር ውስጥ እስከጨረሱ ድረስ ግማሽ ቀን መማርም ይቻላል። ከመመዝገብዎ በፊት ግን የኒው ዮርክ የባር ፈታኞች ቦርድ ዲግሪዎን አስቀድሞ እንዲመዝንልዎ ያመልክቱ። ወረቀቱ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ መላክ ስላለበት ረጅም ወራት ይወስዳል፤ እዚያ የሚሯሯጥልዎ ሰው ያዘጋጁ። መልሱ ሳይመጣ ለትምህርት ቤት ዶላር አይክፈሉ።

ከዚያ ፈተናው ራሱ አለ። ለውጭ ምሩቅ ማመልከቻው 750 ዶላር ነው፣ ማለፊያው 266፤ የሥነ ምግባር ፈተናው ለብቻ ነው፣ 50 ሰዓት የነፃ አገልግሎትም ይጠየቃል። የውጭ አገር ምሩቃን የማለፍ ዕድል ከአሜሪካ ምሩቃን በጣም ዝቅ ያለ ነው። ከጁላይ 2028 ደግሞ ኒው ዮርክ ወደ አዲሱ የባር ፈተና ይዞራል፤ ቀስ ብለው ከተማሩ የሚደርስብዎ እሱ ነው። የብድሩንም ነገር ይጠይቁ፤ እርስዎ ነዋሪ ስለሆኑ እንደ ውጭ ተማሪ አይቆጠሩም፣ ግን ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ተዘግቷል።

ሜሪላንድ እየኖሩ የኒው ዮርክ ፈቃድ ምን ያደርግልኛል ካሉ፣ የኢሚግሬሽን ሕግ የፌዴራል ስለሆነ የየትኛውም ግዛት ፈቃድ ያለው ጠበቃ ሊሠራበት ይችላል። ለኛ ማኅበረሰብ ትልቁ ሥራም እሱ ነው። ይህን ካልኩ ዘንድ፣ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን በኤል ኤል ኤም አልጀምርም። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና የሰጣቸው ትርፍ የሌላቸው ድርጅቶች ውስጥ ጠበቃ ያልሆነ ሰው ሠልጥኖ፣ በድርጅቱ በኩል ፈቃድ አግኝቶ የኢሚግሬሽን ጉዳይ መያዝ ይችላል። ሙሉ ፈቃድ ያገኘ ኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት ይቆማል። ስድስት ዓመት ችሎት የመራ፣ አማርኛ የሚናገር ሰው ካገኙ በደስታ ነው የሚቀበሉት። አንድ ሁለት ዓመት እዚያ ይሥሩና ያኔም ልብዎ ባሩን ካለ ያመልክቱ። ዕድሜዎ 47 መሆኑን ከመልሴ ውስጥ አልቆጠርኩትም።

ጥያቄ፦ ሪኮመንዴሽን የሚጽፍልኝ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን በዘመድ አግኝቻለሁ። መምህሬም ሊጽፍልኝ ይችላል፤ ግን ገና ሌክቸረር ነው። የቱ ይሻላል? ፐርሰናል ስቴትመንቴንም እልክልሻለሁ፣ እይልኝ።
ከሐዋሳ

መልስ፦ መምህርህ። ባለሥልጣኑ የሚጽፈው «ታታሪና ታማኝ ወጣት ነው» የሚል ነው፤ ያን ደግሞ መራጮቹ በቀን መቶ ጊዜ ያነቡታል። መምህርህ ግን ምን ብለህ እንደተከራከርክ፣ የመመረቂያ ጽሑፍህ የቱ ላይ እንደሚበረታ ያውቃል።

ስቴትመንትህን አየሁት። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለፍትሕ ጥልቅ ፍቅር ነበረኝ» ብለህ ትጀምራለህ። ሰርዘው። ሦስተኛው ገጽ ላይ የቀበርካት ነገር አለች፤ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሉ ውስጥ ስትሠራ፣ ባሏ የሞተባት ሴት የጋብቻ ምስክር ወረቀት ስለሌላት ከመሬቱ ልትነቀል ስትል ምስክር ፈልገህ ትዳሯን ያስረዳህበት። በእሷ ጀምር፤ ጉዳዩ ምን የሕግ ጥያቄ እንደፈጠረብህ ጻፍ፤ ያን ጥያቄ የሚመልስልህ የትኛው ሞጁል እንደሆነ ከዩኒቨርሲቲው ዝርዝር ውስጥ አውጥተህ በስሙ ጥቀስ። ሌላው ሁሉ ይውጣ፣ ግጥሙም ጭምር።

ጥያቄ፦ እጄ ላይ ያለው ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲው ኮስት ሼሪንግ ካልከፈልሽ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አንልክም አለኝ። ማመልከቻው ሊዘጋ ነው። ምን ላድርግ?
ከድሬዳዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ለማመልከቻው ብቻ ከሆነ አትጨነቂ። አብዛኞቹ የእንግሊዝና የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ስታመለክቺ የስቱደንት ኮፒውንና የቴምፖውን ስካን ይቀበላሉ፤ ኦፊሻሉን የሚጠይቁት ከቅበላ በኋላ ነው፣ ቅበላውንም በዚያ ላይ ሁኔታ አድርገው ይሰጡሻል። የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች ግን ብዙዎቹ ሬጅስትራሩ ራሱ በታሸገ ፖስታ የላከውን ከመጀመሪያው ይፈልጋሉ፤ የምታመለክቺው ወደዚያ ከሆነ በዚህ ዙር የሚደርስልሽ አይመስለኝም።

ዕዳውን በደመወዝሽ በየወሩ ሲቆረጥ ከቆየ፣ እስካሁን የተቆረጠውን የሚያሳይ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤትሽ አጽፊ፤ ሬጅስትራሩ ጠቅላላውን እንደገና እንዳያስከፍልሽ። ቀሪውን ከፍለሽ ክሊራንስ ስትይዢ፣ በዚያው ጉዞ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን በአንድ ሳይሆን በበርካታ ፖስታ አሳሽጊ፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ የከፈተውን ሌላው አይቀበለውም። ዲግሪውንም በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ቀጥሎ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጪው። መታወቂያሽ ላይ ያለው የአባትሽ ስም ዲግሪው ላይ ካለው ጋር በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ መሆኑንም ከመሄድሽ በፊት እዪው፤ ካልሆነ ሬጅስትራሩ ጋ ስትደርሺ ሌላ ደብዳቤ አምጪ ብሎ ይመልስሻል።